ሁለተኛው በር

ዕጣው ሲወጣ ሰባተኛው ወረቀት ላይ የተጻፈው የእህቱ ማቅለሚያ ቤት ነበር።

ወረቀቶቹን ከካርቶን ውስጥ እያወጣች የምታነበው ከሁለት ወር በፊት የተቀጠረችው ወጣት ባለሙያ ናት። ሰባተኛውን ዘረጋችና፣ «ዳገቱ ሥር ያለው ማቅለሚያ ቤት፤ ባለቤቷ ሴት፤ ሠራተኛ የላቸውም» ብላ አነበበች። ከሌሎቹ ላይ ልትደርበው ስትል ሰውየው ብዕሩን አስቀመጠ።

«እሱን መልሺውና ሌላ አውጪ።»

«ምነው ጋሼ?»

«እህቴ ናት።»

ልጅቷ ወረቀቱን እንደያዘች ቀረች። የወጣ ዕጣ ይመለሳል ወይስ አይመለስም፣ ያስተማራት ሰው አልነበረም።

ሰውየው በዚያ መሥሪያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። መንግሥት አዲስ ደንብ ሊያወጣ ሲያስብ፣ ደንቡ ከመጽደቁ በፊት ትንንሽ ሱቆችና የእጅ ሥራ ቤቶች ይችሉት እንደሆነ ዞሮ አይቶ መጻፍ ሥራው ነው። ሥራህ ምንድን ነው ሲሉት አስረድቶ አይሳካለትም፤ እህቱ ግን ለጎረቤቶቿ ባንድ አፍ ትጨርሰው ነበር፦ «ሸክሙ ከመጫኑ በፊት አህያዋን የሚያያት እሱ ነው።»

ባልደረቦቹ «ሚዛን» ይሉታል፤ ወደ ማንም አያጋድልም ለማለት። አንድ ጊዜ አንዲት ፍራፍሬ ሻጭ ሳያያት ቦርሳው ውስጥ ብርቱካን ከታበት ነበር። ማታ ቤቱ ሲደርስ አገኘው። በማግስቱ ይዞ ተመለሰ፤ ልጁ የበላውን አንዱን እንኳ ከሌላ ቦታ ገዝቶ ተክቶ ነው የመለሰው። ሴትየዋ፣ «ይሄኛውስ የእኔ አይደለም፣ እኔ እንዲህ ያለ ጎምዛዛ አልሸጥም» ብላ ጮኸችበት ይባላል። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ይህ ታሪክ ለአዲስ ገቢ ሁሉ ይነገራል።

ስለዚህ ጉዳዩን ለአለቃው ሲያቀርብ አለቃው ሳቀ።

«አንተማ ወላጅ እናትህን ከመቃብር አስነስተን ብናስመዝንህ ግራም አትጨምርላትም! ዕጣ ዕጣ ነው። ዛሬ አንዱን ከመለስን ነገ ሁሉም ይመለስ ይሉናል። ልጅቷ ትጠይቅ፣ ልጅቷ ትጻፍ፤ አንተ ከጎን ቁም። መጨረሻ ላይ ምልከታህን ሞልተህ ፈርም።»

ረቂቁ ደንብ ስለ በር ነበር። ቀለም፣ ሳሙና ወይም ሻማ የሚፈላበት ቤት ሁሉ በሁለት አቅጣጫ የሚያስወጡ ሁለት በሮች ይኑሩት ይላል። ክፉ ደንብ አይደለም። ባለፈው ዓመት በከተማው ሌላ ዳር በአንድ ሻማ ቤት እሳት ተነሥቶ አራት ሠራተኞች ካንዲት በር ጀርባ አልቀዋል። ሚዛን በሦስተኛው ቀን ቤቱን ሊያይ ሄዶ ነበር። የበሩን የውስጥ ፊት አይቷል። ያየውን ለሚስቱም አልነገራትም፤ ደንቡ ሲረቀቅ ግን ይጽደቅ ብሎ ከልቡ ከተመኙት አንዱ እሱ ነበር።

አሥራ ሁለት ቤቶች ተመረጡ። ከአሥራ ሁለቱ ሲሶው፣ ማለት አራቱ፣ ሁለተኛ በር ማውጣት የማይቻልባቸው ሆነው ከተገኙ ለነባር ቤቶች ልዩ አንቀጽ ይገባል፦ ያለቻቸውን አንድ በር አስፍተው፣ እሳቱን ከበሩ አርቀው ይቀጥላሉ። ከአራት ካነሱ ደንቡ እንዳለ ይጸድቃል።

የመጀመሪያዎቹን ስድስት ቤቶች በሦስት ቀን ጨረሱ። የሄዱበት ሁሉ መልሱ አንድ ነው። ግድግዳው በእንጨት ተደግፎ የቆመለት ሳሙና አፍይ ሽማግሌ እንኳ ደረቱን ነፋ።

«በር? በር ምን አላት! አንድ ጠይቃችሁኝ ሦስት ባላወጣ!»

«ከዚህ ግድግዳ ኋላ ምን አለ አባባ?» አለች ልጅቷ።

«ሜዳ ነዋ! ፈረስ የሚያስጋልብ ሜዳ!»

ሚዛን ወጥቶ በስተኋላ ሲዞር ሜዳው የሰው መኝታ ቤት ሆኖ አገኘው። አንዲት ሴት አልጋ ታነጥፋለች።

ወደ መሥሪያ ቤት ሲመለሱ ልጅቷ ተናደደች። «ለምን ይዋሻሉ? እኛ የመጣነው እንዲጠቀሙ አይደል?»

«እነሱ ይህን አያውቁም። ደብተር ይዞ የገባ ሰው ለእነሱ ተቆጣጣሪ ነው። አንችልም ያለ ሰው በሩ ላይ ወረቀት ይለጠፍበታል፤ እችላለሁ ያለ ለጊዜው ያድራል።» ቅጹን ገልብጦ ከግርጌ ያለችውን መስመር አሳያት። «ለዚህ ነው ይህች መስመር ያለችው። የመዛኙ ምልከታ። የሚናገሩትን አንቺ ትጽፊያለሽ፤ ያየሁትን እኔ እጽፋለሁ። ሁለቱ ካልተስማሙ የሚቆጠረው ምልከታው ነው።»

በሽማግሌው ቅጽ ላይም እንዲህ ጻፈ፦ «ባለቤቱ ይቻላል ብለዋል። ከግድግዳው በስተኋላ የሌላ ሰው መኖሪያ ቤት በመኖሩ አይቻልም።»

ወደ እህቱ ቤት የሄዱት በአራተኛው ቀን ጠዋት ነው።

ቤቱ ዳገቱ ሥር ካሉት የሱቆች ረድፍ መካከል አንዲት ክፍል ናት። በግራ ልብስ ሰፊ አለ፤ በቀኝ ወደ ላይኛው መንገድ የሚያወጣ የድንጋይ ደረጃ። ከፊት ለፊት በሩ፤ ከበሩ ሦስት እርምጃ ገባ ብሎ ሁለት በርሜሎች በምድጃ ላይ ተጥደዋል። አንደኛው ሰማያዊ ወይም ቡናማ ይፈላበታል፣ እንደ ቀኑ። ሌላኛው ሁልጊዜ ጥቁር ነው። እህቱ በዋናነት የምትታወቀው በጥቁሩ ነው፤ ሰው ሲሞት የከተማው ሰው ልብሱን ወደ እሷ ይዞ ይመጣል። ጨውና ኮምጣጤዋን መቼ እንደምትጨምር፣ እሳቱን መቼ እንደምትቀንስ ታውቃለች፤ እሷ ያቀለመችው ከል ባለቤቱ ሐዘኑን ጨርሶ እስኪያወልቀው ድረስ አይለቅም ይባላል። እጆቿ እስከ አንጓቸው ጠቁረዋል። ሰው ሲጨብጣት መዳፏን ሳይሆን ክንዷን ነው የምታቀብለው፣ እንዳታቆሽሸው።

አባታቸው ሲሞት እሱ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር፣ እሷ ሃያ። ማማሰያውን ካባታቸው እጅ ተቀብላ እሱን አስተማረች። ልብስ ሰፊው በወጣትነቱ ሽማግሌ ልኮባት ነበር፤ «ልጁ ይድረስልኝ» አለች። ልጁ እስኪደርስ ልብስ ሰፊው ሌላ አገባ፣ ወለደ፣ ዳረ። አሁን በግድግዳው እየተጠራሩ ይቀላለዳሉ።

ከበርሜሎቹ በስተኋላ ያለው ግድግዳ ግን ከሌሎቹ ይለያል። ሚዛን ያን ግድግዳ ከማንም ሰው ይልቅ ያውቀዋል። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ቤቱን ለማስፋት ዳገቱን በዶማ ሲቆርጥ እሱ አፈሩን በቆርቆሮ ጣሳ እየሞላ ወደ ውጭ ሲያመላልስ ከርሟል። ድንጋዩን አባቱ ሲደረድር ጭቃ ያቀበለችው እህቱ ናት። ከዚያ ግድግዳ ኋላ ቤትም ጓሮም የለም። ዳገቱ ራሱ ነው ያለው፤ ከላዩም መንገዱ።

ሲገቡ እህቱ ቤቱን ጠርጋ፣ ለክት ያስቀመጠችውን ሻሽ አስራ ጠበቀቻቸው። ኋለኛው ግድግዳ ላይ በሙሉ ጥቁር ልብስ ተሰጥቶበታል፤ ድንጋዩ አይታይም።

«እንደምን አደሩ ጌታዬ» አለችው ወንድሟን፣ ከወገቧ ዝቅ ብላ። «ይግቡ፣ ይግቡ። ቤት ለእንግዳ ነው።»

በዕድሜው «እርስዎ» ብላው አታውቅም። ሽንት ጨርቁን የቀየረች እጅ ናት። መጀመሪያ የምትቀልድ መስሎት ፈገግ ሊል ነበር፤ ዓይኗን ሲያይ ግን ቀልድ እንዳልሆነ ገባው። እህቱ መሆኗን ልጅቷ እንዳታውቅ መደበቋ ነው። ልጅቷ ታውቃለች፤ ግን እሷም እንደማያውቅ ሰው ዝም አለች፤ ሦስቱም ተያይዘው የማይተዋወቁ ሰዎች ሆኑ።

«እማማ፣ ይህ ጥናት ነው፤ ቁጥጥር አይደለም» ብላ ልጅቷ እንደ ደንቡ ጀመረች።

«ይሁን ልጄ፣ ሁለቱም ያው ነው። ጠይቂኝ።»

ስንት ዓመት ሠሩ፤ በቀን ስንት ልብስ ያቀልማሉ፤ ማን ያግዝዎታል። ሁሉንም መለሰች። «ማን ያግዘኛል፤ አንድዬ ነው» ስትል ከወዲያ ግድግዳ ልብስ ሰፊው፣ «እኔስ?» ብሎ ጮኸ።

«አንተማ የምታግዘው ወሬውን ነው!»

ልጅቷ ሳቀች። ከዚያ ዋናውን ጥያቄ አነበበች። «ደንቡ ቢጸድቅ ሁለተኛ በር ማውጣት ይችላሉ?»

«እንዴታ! ከኋላ ጓሮ አለኝ» አለች እህቱ። «ግንበኛ ጠርቼ በሁለት ሳምንት አስከፍታለሁ።»

«ጓሮውን ማየት ይቻላል?»

«መዞሪያው በጎረቤት በኩል ነው ልጄ። ዛሬ ቆልፈው ሄደዋል።»

ልጅቷ ቀና ብላ ሚዛንን አየችው። እሱ በጫማው ጫፍ ላይ የተንጠባጠበ ቀለም ያይ ነበር። ከተሰጡት ልብሶች አንዱ ውሃ ያንጠባጥባል። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ጻፈች።

ሲወጡ እህቱ እስከ በሩ ሸኘቻቸው። ለልጅቷ ክንዷን አቀበለች። ለእሱ ምንም አላቀበለችም፤ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ራሷን ብቻ ዝቅ አደረገች።

ከሰዓት በኋላ ቅጾቹን ለመሙላት ተቀመጠ። የሌሎቹን ምልከታ አከታትሎ ጻፈ። የእህቱ ላይ ሲደርስ ብዕሩ ቆመ።

እውነቱን ያውቃል። አንድ መስመር ነው፦ ከኋላ ዳገት በመኖሩ አይቻልም። ግን ይህን የሚያውቀው እንዴት ነው? ዞሮ አላየም። በልጅነቱ አፈር ስላመላለሰ ነው የሚያውቀው። አለቃው ሲያነበው ይታየዋል፤ ምንም አይልም፣ ፈገግ ብቻ ይላል። ከዚያ በኋላ በሻይ ሰዓት አንዱ ለአንዱ፣ «ሚዛንም ለእህቱ ሲሆን አጋደለች» ይለዋል። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይሉ የለ? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያች ተረት በእሱ ላይ እንዳትተረት ሲጠነቀቅ ኖሯል። የተናገረችው እሷ ናት፤ በአፏ። ማን ዋሺ አላት?

«የለም» ብሎ ጻፈ። እስከዚያ ከተሞሉት ሰባት ቅጾች ምልከታ የሌለበት የእሷ ብቻ ነበር። ፈረመ።

በሳምንቱ ልጅቷ ደመረችው። ጣቷን በሠንጠረዡ ላይ እያስኬደች ሁለት ጊዜ ቆጠረች።

«ሦስት ነው ጋሼ። አንድ ብቻ ጎደለ። አራት ቢሆን ልዩ አንቀጹ ይገባ ነበር።»

«ሦስት ከሆነ ሦስት ነው።»

ልጅቷ ሰባተኛውን ቅጽ ከመካከል መዘዘች። በስሱ ነበር የያዘችው፤ እንደ ትኩስ ነገር።

«እዚህ ላይ ምልከታዎ የለም ይላል። ጋሼ... ያ ጓሮ በእውነት አለ? የላይኛው መንገድ እኮ ልክ ከጣሪያቸው ላይ ነው የሚያልፈው። በአውቶቡስ ሳልፍ አየሁት።»

ይህች ልጅ ደህና ሠራተኛ ይወጣታል ብሎ አሰበ። በሩን ከፍታ ይዛለታለች፤ አንድ ቃል ቢናገር ይበቃል። አሁን ግን ነገሩ ከበፊቱም ብሶ ነበር። መጀመሪያ ቢጽፈው አንድ ምልከታ ነው። ድምሩ ከታወቀ በኋላ ተመልሶ የእህቱን፣ የእህቱን ብቻ፣ ቢያርም ምን ይባላል?

«የተጻፈውን ቁጠሪ» አላት።

ቆጠረች። ከዚያ ቀን በኋላ ጋሼ ማለቱን አላቆመችም፤ ነገር ግን ጥያቄ መጠየቅ ቀነሰች።

ረቂቁ ለሕዝብ አስተያየት ለሠላሳ ቀን ክፍት ሆነ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ባለሱቅ ሁሉ ተቃውሞውን በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል። ሚዛን በመጀመሪያው እሑድ ወደ እህቱ ሄደ። ብቻዋን በሩ ላይ ተቀምጣ ማማሰያዋን በአሸዋ ትፍቃለች።

«መጣህ?» አለችው። ወደ «አንተ» ተመልሳለች። «ቁጭ በል፣ ሻይ አለ። የዚያን ዕለት ጥሩ አደረግሁ አይደል? ልጅቷ ምንም አልጠረጠረችም።»

«እትዬ፣ አንድ ደብዳቤ ጻፊ። እኔ አረቅልሻለሁ። ሁለተኛ በር ማውጣት አልችልም ብለሽ።»

ማማሰያዋን ጭኗ ላይ አስተኛችው።

«ለማን ነው የምጽፈው?»

«ለመሥሪያ ቤቱ።»

«ለአንተ መሥሪያ ቤት? ትናንት እችላለሁ ብዬ ዛሬ አልችልም ልበል? አንተ የፈረምክበት ወረቀት ላይ?» ሳቀች። «አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉኝ ነው? ተወው ባክህ። አንተ እያለህ እኔ ምን ብዬ እጽፋለሁ። ያን ግድግዳ አንተ አታውቀውም?»

ያን ጊዜ ገባው። እሷ የዋሸችው ለልጅቷ ነው። ለእሱ አልዋሸችም፤ ለሚያውቅ ሰው ምን ይዋሻል? እሱን ላለማሳፈር፣ ባዳ ፊት ለመነች ላለመባል፣ በአፏ እችላለሁ አለች፤ እውነቱን ግን ለእሱ ትታለት ነበር። እሱ ደግሞ ለእሷ ትቶላት ነበር።

አሁን ሊነግራት ይገባል። «እትዬ፣ አልጻፍሁትም» ማለት ነው። አፉን ከፈተ። እሷ ሻዩን ልታመጣ ተነሥታ ነበር።

«ስኳር አንድ ነው ሁለት? ሚስትህ ቀንስ ብላሃለች አሉ» አለችው ከውስጥ።

«አንድ» አለ።

ሠላሳው ቀን አለፈ። ደንቡ እንዳለ ጸደቀ፤ ለነባር ቤቶች የስድስት ወር ጊዜ ተሰጠ። ሚዛን ዜናውን ስልክ ደውሎ ሊነግራት አልደፈረም። ልብስ ሰፊው ከሬዲዮ ሰምቶ በግድግዳው ነገራት። እሷም አልደወለች። አንዱ እሑድ አለፈ፣ ሌላውም። ሚስቱ፣ «እህትህን ምነው ረሳሃት?» ስትለው፣ «ሥራ በዛብኝ» አላት።

ስድስተኛው ወር ባለቀ በአራተኛው ቀን ደወለች።

«በሩን አሠርቼዋለሁ» አለች። «መጥተህ እየው።»

«የምን በር?»

«ሁለተኛውን።»

ለአፍታ ያህል፣ እግዜር ይቅር ይበለውና፣ ደስ አለው። ምናልባት አባታቸው ያላወቀው ነገር ይኖር ይሆናል፤ ምናልባት በጎን በኩል፣ በደረጃው ሥር፣ አንድ መላ ተገኝቶ ይሆናል። ከቢሮ ፈቃድ ጠይቆ ወጣ።

ሲደርስ ተቆጣጣሪው ቀድሞት ገብቷል። ባርኔጣውን በብብቱ የያዘ ትሑት ወጣት ነው። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ በሩ ላይ ቆሟል። እህቱ ያንኑ የክት ሻሽ አስራለች።

«እንደምን ዋሉ ጌታዬ» አለችው ሚዛንን፣ ዝቅ ብላ።

ጥቁሮቹ ልብሶች ከኋለኛው ግድግዳ ተነሥተዋል። በመካከል፣ ከድንጋዩ ውስጥ፣ በር ቆሟል። ቆንጆ በር ነው። ከደህና ጣውላ የተሠራ፣ አረንጓዴ የተቀባ፣ ማጠፊያውም መቀርቀሪያውም አዲስ። መቃኑ በሲሚንቶ ተስተካክሎ ተይዟል። ከላዩ «መውጫ» ተብሎ በነጭ ተጽፎበታል፤ ጽሕፈቷ ነው፣ ትምህርቷን ባትጨርስም «ው» ስትጽፍ እንዴት እንደምታጠማዝዘው ያውቃል።

«በደንቡ መሠረት ሁለት በር ነው» አለች ለተቆጣጣሪው። «ይኸው።»

ወጣቱ መቀርቀሪያውን ስቦ በሩን ወደ ውስጥ ከፈተው።

በሩ ሙሉ አፈር ነበር። ቀይ፣ እርጥብ፣ ከመቃኑ እስከ መቃኑ፤ በመካከሉ የተቆረጠ የዛፍ ሥር ነጭ አፉን አውጥቷል። ጥቂት ጓል ተንኮታኩቶ ወጣቱ ጫማ ላይ ወደቀ።

ወጣቱ ጫማውን አራገፈ።

«እማማ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ይህ በር የት ያደርሳል?»

«ሁላችንም የምንደርስበት ነዋ ልጄ።»

ልብስ ሰፊው ሊስቅ ጀምሮ አቆመ፤ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ወጣቱ አልሳቀም። በሩን ቀስ ብሎ፣ የታመመ ሰው እንደሚያስተኛ፣ መልሶ ዘጋው። ጻፈ። ከቦርሳው ወረቀት አውጥቶ ወደ ፊት በር ሄደና ለጠፈ። ወረቀቱን ሲያለሰልሰው፣ «ይቅርታ እማማ» አለ፤ «እኔ የታዘዝኩትን ነው።»

«አውቃለሁ። አንተ ምን አደረግህ?»

ወጣቱ ሄደ፤ ልብስ ሰፊውም ወደ ስፌት መኪናው ተመለሰ፤ የመኪናው ድምፅ ግን ለረጅም ጊዜ አልተሰማም። ወንድምና እህት ብቻቸውን ቀሩ። የጥቁሩ በርሜል እሳት ገና አልጠፋም፤ አንድ የመጨረሻ ቀሚስ ውስጡ ነበር፣ ባል የሞተባት ሴት ቀሚስ፣ ነገ ልትወስደው የቀጠረች። እህቱ ማማሰያውን አንሥታ አገላበጠችው።

«ለምን አሠራሽው እትዬ?»

«ወረቀቱ ላይ ይቻላል ይላል፤ ከሥሩም አንተ ፈርመሃል። ልብስ ሰፊው ነው የነገረኝ፤ ቢሮ ሄዶ ጠይቆ ነበር። በር ባይኖር ውሸታም የምትባለው አንተ ነህ።» ቀሚሱን በማማሰያው አንሥታ ውሃው ሲንጠፈጠፍ አየችው፤ ቀለሙ አልያዘም፣ መልሳ አስገባችው። «ግንበኛውም፣ እማማ ይህ በር ወደማን ቤት ነው ብሎኝ ነበር። ዝም ብለህ ሥራ አልሁት።»

እንፋሎቱ መካከላቸው ይወጣል።

«አንተ ግን» አለች ሳታየው፤ «ከዚያ ግድግዳ ኋላ ያለውን ረስተኸው ነበር?»

ረስቼው ነበር ቢላት ታምነው ነበር። ያን ቃል እንዲላት የሰጠችው እሷው ነበረች፤ ያን እሑድ ሻይ እንዳቀረበችለት ሁሉ። እሱ ግን በእጁ የቀረችው ዕድሜውን ሙሉ የያዛት እውነት መናገር ብቻ ነበረች፤ እሷንም ጥሎ ሊዋሽ አልቻለም።

«አልረሳሁትም» አላት።

እህቱ ማማሰሏን አላቆመችም። ጥቁሩ ውሃ ዞረ፣ ቀሚሱ በውስጡ አንድ ጊዜ እጁን ዘርግቶ ሰጠመ።

«ረስቼው ነበር ብትለኝ ይሻለኝ ነበር» አለች።

ከዚያ እሳቱን ቀነሰች። ቀለሙ ሲይዝ እሳት ይቀነሳል። «ያን በር ንቀለው» አለችው። «ጣውላው ደህና ነው፤ ልብስ ሰፊው መቁረጫ ጠረጴዛ ያደርገዋል። ዕዳ አለብኝ፣ ስንት ዓመት ነው ቁልፍ በነፃ የተከለልኝ።»

ሚዛን ኮቱን አውልቆ ሚስማር ላይ ሰቀለ። ማጠፊያዎቹን በጉጠት ፈታ። በሩን ከመቃኑ ሲያላቅቀው የያዘው ነገር የለምና ዳገቱ ናድ አለ፤ አፈሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። መጥረጊያ ፈለገ፤ ለዚህ መጥረጊያ አይሆንም። ከማዕዘኑ የጨው ማስቀመጫ የነበረች ባዶ ጣሳ አገኘ።

ተንበርክኮ አፈሩን በጣሳ ይሞላ ጀመር። ሲሞላ ይነሣል፣ በበርሜሎቹ መካከል ያልፋል፣ ወረቀት በተለጠፈባት በዚያች ባንዷ በር ይወጣል፣ ከመንገዱ ዳር ደፍቶ ይመለሳል። እህቱ መንገድ ስትለቅለት ቀሚሷን ሰብሰብ እያደረገች ጠጋ ትል ነበር፤ አንድም ጊዜ ግን ቀና ብላ አላየችውም።